አምስት ጾመኞች ክትፎ ቤት የገቡበት ምርጫ

ረቡዕ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ባልደረቦች ምሳ አብረው ሊወጡ ነው። የት እንሂድ? በቃ፣ እጅ እናውጣ ተባለ። አራቱ ክትፎ ቤት አሉ። ሦስቱ ሽሮ ቤት፣ ሁለቱ ደግሞ የጾም በያይነቱ የሚሠራበት ቤት መረጡ። ብዙ እጅ ያገኘው ክትፎ ስለሆነ ዘጠኙም ተያይዘው ወደ ክትፎ ቤት ሄዱ። ከዘጠኙ አምስቱ ግን ጾመኞች ናቸው።

ያጭበረበረ የለም፤ ቆጠራውም ልክ ነው። ደንቡ «ብዙ እጅ ያገኘ ያሸንፋል» የሚል ሆኖ ሳለ ጾመኞቹ ለሁለት ተከፍለው ቀረቡ፣ በዚህም ተሸነፉ። በምርጫ ጉዳይ የድምፅ መከፋፈል የሚባለው ይኸው ነው። ሁለቱ የበያይነቱ ሰዎች «የእኛ ቤት እንደማያሸንፍ ያስታውቃል፤ ሽሮም ጾም ነው» ብለው እጃቸውን ለሽሮ ቢያወጡ ውጤቱ 5 ለ 4 ይሆን ነበር። ይህ ደግሞ ስልታዊ ድምፅ አሰጣጥ ይባላል፦ የምትወደውን ትተህ፣ ከማትፈልገው ሊያድንህ የሚችለውን መምረጥ። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሐሳቡን ቢቀይር 4 ለ 4 እኩል ይሆናል። ሁለቱም መቀየር አለባቸው፤ እያንዳንዱም ሌላው እንደሚቀይር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዘጠኝ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተያይቶ ይህን ማድረግ ይችላል። ሠላሳ ሺህ መራጭ ግን በሚስጥር ዳስ ውስጥ ተራ በተራ ገብቶ ነው የሚመርጠው።

የእኛ ሕግ የትኛውን ደንብ ይከተላል?

የባልደረቦቹን ደንብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በአንድ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩ ዕጩዎች መካከል በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡ ይደነግጋል። አብላጫ ድምፅ ማለት ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ መብለጥ ነው። ከግማሽ በላይ ማግኘት ደግሞ ፍፁም አብላጫ ድምፅ ይባላል። ለወንበሩ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ዕጩዎች ተቀራርበው በቀረቡበት ክልል በ25 በመቶ ድምፅ ፓርላማ መግባት በሕግ የሚከለክለው ነገር የለም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር፣ የምርጫው ዕለት አንድ ትልቅ ምርጫ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ምርጫዎች ጎን ለጎን የሚካሄዱበት ቀን መሆኑ ነው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች አሉት፤ ከእነዚህ 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። አራዳ ውስጥ የተረፈ ድምፅ ቦሌ ላይ የጎደለውን አይሞላም። አንድ ፓርቲ በ23ቱም የምርጫ ክልሎች ሁለተኛ ቢወጣ በከተማው የሰበሰበው ድምፅ የትየለሌ ሊሆን ይችላል፤ መቀመጫው ግን ዜሮ ነው። ብሪታንያም በዚሁ ደንብ ነው የምትመርጠው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪፎርም ፓርቲ በመላ አገሪቱ ተበትኖ 14.3 በመቶ ድምፅ ሲያገኝ የደረሰው 5 መቀመጫ ነበር። ሊበራል ዴሞክራቶች በ12.2 በመቶ 72 መቀመጫ ወሰዱ፤ የእነሱ ድምፅ በተወሰኑ አካባቢዎች ተሰብስቦ ነበርና።

የአዲስ አበባ መራጭ ሁለት ወረቀት እንደሚሰጠውም ይታወቃል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። በአንዱ ላይ አንድን ፓርቲ፣ በሌላው ላይ ሌላን መምረጥ መብት ነው። ይህን ግን «ድምፄን ከፋፈልኩ» ከሚለው ጋር ማምታታት አይገባም። እዚህ የምናወራው በአንድ መቀመጫ ላይ ስለሚሆነው ነው።

«ድምፅ ተከፋፍሎብን ነው የተሸነፍነው» ሲባል እንዴት ይጣራል?

ይህ ሰበብ ከምርጫ ማግስት ጀምሮ በየካፌው ይሰማል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ስሌት የሚነገር ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል ሦስት ዕጩዎች ያሉበትንና 30,000 ሰው ድምፅ የሰጠበትን አንድ የምርጫ ክልል እናስብ። ዕጩ ሀ 12,300፣ ዕጩ ለ 9,800፣ ዕጩ ሐ 7,900 ድምፅ አገኙ እንበል።

አሸናፊው ሀ ነው፤ ያገኘው 41 በመቶ ነው። ለ እና ሐ ተደምረው 17,700 ይሆናሉ፤ «አንድ ቢሆኑ በሰፊው ያሸንፉ ነበር» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መደመሩ ግን አንድ ነገር በዝምታ ይወስዳል፦ የሐ ደጋፊዎች በሙሉ ሐ ባይኖር ዕጩ ለን ይመርጡ ነበር የሚል። እውነተኛ ሰዎች እንዲህ አይደሉም። ከፊሉ ወደ ለ ይሄዳል፣ ከፊሉ ወደ ሀ ይሄዳል፣ ከፊሉም ቤቱ ይቀራል።

ለ ከሀ የሚያንሰው በ2,500 ድምፅ ነው። የሐ ደጋፊዎች በሙሉ ወጥተው ከሁለቱ አንዱን የሚመርጡ ከሆነ፣ ለ ለማሸነፍ ከ7,900ዎቹ ከ5,200 በላይ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። ወደ ሀ የሚሄድ ባይኖርና የቀሩት ቤታቸው ቢውሉ ግን 2,501 ሰው ይበቃል። አሁን ለእውነታ የቀረበውን እንውሰድ፦ ግማሹ ወደ ለ፣ ሩቡ ወደ ሀ፣ ሩቡ ቤቱ። ለ 13,750፣ ሀ 14,275 ይሆናል። ሐ ከውድድሩ ቢወጣም ሀ እንደገና አሸነፈ!

ስለዚህ ሁለት ነገር ማየት ነው። መጀመሪያ፣ አሸናፊው ከግማሽ በላይ አግኝቷል? አግኝቶ ከሆነ ወሬው እዚያው ያበቃል፤ ሌሎቹ በሙሉ ተደምረውም አይደርሱበትም። ከግማሽ በታች ከሆነ ደግሞ፣ የሦስተኛውና የአራተኛው ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫቸው ማን ነበር? ይህንን ቆጠራው አይነግረንም። ወረቀቱ አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚቀበለው።

ቆጠራው የሚካሄደው በየምርጫ ጣቢያው ነው፤ ውጤቱም እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። ነገር ግን የአንድ ጣቢያ ውጤት የምርጫ ክልል ውጤት አይደለም። አንድ ክልል ብዙ ጣቢያዎች አሉት፤ ሰፈር ላይ የተለጠፈውን አይቶ «አሸንፈናል» ማለት ከዚህ የሚመጣ ስሕተት ነው።

ሌሎች አገሮች ላይ ምን ደረሰ?

ጎረቤታችን ኬንያ ከማንም በላይ ታስተምራለች (ከዚህ በኋላ የሌሎች አገሮች ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እ.ኤ.አ. በ1992 የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ሲመለስ፣ ፎርድ የተባለው የተቃውሞ ስብስብ ገና ከምርጫው በፊት ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱን ክንፍ ኬኔት ማቲባ፣ ሌላውን ጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ይዘው ቀረቡ። ምዋይ ኪባኪም በራሳቸው ፓርቲ ገቡ። ሦስቱ አንድ ላይ ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ ሲያገኙ፣ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በ36 በመቶ ገደማ ሥልጣናቸው ላይ ቀሩ። በእርግጥ ያ ምርጫ በግጭትና በአቤቱታ የተሞላ ነበር፤ ሁሉንም በመከፋፈል ብቻ ማሳበብ አይቻልም። በ1997ም ተቃዋሚዎች ተበታትነው ቀርበው ሞይ 40 በመቶ አካባቢ አግኝተው አሸነፉ። በ2002 ግን ተቃዋሚዎቹ ናርክ በሚባል ጥምረት አንድ ዕጩ አቀረቡ፤ ኪባኪ ከ60 በመቶ በላይ አግኝተው ቤተ መንግሥት ገቡ።

ማላዊ ላይ ነገሩ በአንድ ዓመት ልዩነት ነው የታየው። በ2019 ፒተር ሙታሪካ በ38.6 በመቶ አሸናፊ ተባሉ፤ ላዛረስ ቻክዌራ 35.4፣ ሳውሎስ ቺሊማ 20.2 በመቶ አገኙ። ፍርድ ቤት በ2020 መጀመሪያ ላይ ምርጫውን በተፈጸሙ ጉድለቶች ምክንያት ሰረዘ፤ በዚያው ላይም አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት ሲል ወሰነ። ደንቡ ሲቀየር የፖለቲከኞቹም ጠባይ ተቀየረ። ቺሊማ ራሳቸውን ከፕሬዚዳንት ዕጩነት አውጥተው የቻክዌራ ምክትል ሆኑ፤ በድጋሚ ምርጫው ቻክዌራ 58 በመቶ ተሻገሩ።

አሜሪካ ውስጥ የሚጠቀሰው የ2000ው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የፍሎሪዳ ውጤት ነው። ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ሲሆን፣ ሦስተኛው ዕጩ ራልፍ ኔደር በዚያችው ግዛት 97,488 ድምፅ ነበራቸው።

ስልታዊ ድምፅ መስጠት ምን ይጠይቃል?

የሚጠይቀው ከሁሉ በፊት መረጃ ነው። መራጩ በራሱ የምርጫ ክልል ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የሚፎካከሩት እነማን እንደሆኑ ማወቅ አለበት። ልብ በሉ፤ በአገር ደረጃ ወይም በከተማው አይደለም፣ በዚያው ክልል ውስጥ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ የሚወደው ዕጩ ሦስተኛ እንደሚወጣ ማመን አለበት። ሦስተኛ፣ እንደሱ የሚያስቡ ብዙዎች አብረውት እንደሚዞሩ መተማመን አለበት። አንዱ ከጎደለ ስልቱ ቁማር ይሆናል።

ብሪታንያዊው መራጭ የክልሉን ያለፈ ውጤትና የቅርብ የአስተያየት ጥናት አይቶ ይወስናል። እኛ ዘንድ በየምርጫ ክልሉ የሚሠራ መደበኛ የሕዝብ አስተያየት ጥናት የለም። ያለፈው ውጤት የአምስት ዓመት ነው፤ በዚህ መሐል ፓርቲዎች ይዋሐዳሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ስም ይቀይራሉ። ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው፦ የቲክቶክ ተመልካች ብዛት፣ የሰልፍ ፎቶ፣ «እኛ ሰፈር ሁሉም እሱን ነው የሚመርጠው» የሚል ግምት። መስቀል አደባባይ የሞላው ሕዝብ ግን ከ23ቱም ክልል፣ ከከተማውም ውጭ የመጣ ነው። ከእሱ ውስጥ ስንቱ የመራጭነት ካርድ እንዳለውና የት እንደተመዘገበ ከፎቶ ላይ አይነበብም።

መረጃ በሌለበት የሚፈጠረው ትልቁ አደጋ መተላለፍ ነው። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ የዕጩ ለ ደጋፊዎች «የተሻለ ዕድል ያለው ሐ ነው አሉ» ብለው ወደ ሐ ሲዞሩ፣ የሐ ደጋፊዎች ደግሞ በተቃራኒው ወደ ለ ይዞራሉ። ሁለቱም ወገን መሥዋዕትነት ከፍሏል፤ ድምፁ ግን እንደተከፋፈለ ነው።

ሁለተኛው አደጋ «ድምፄ ትባክናለች» የሚለው ፍርሃት ራሱን በራሱ እውነት ማድረጉ ነው። በእርግጥ ሁለተኛ መውጣት የሚችል ዕጩ «ዕድል የለውም» ስለተባለ ብቻ ይከስማል። ይህን ወሬ መንዛት ደግሞ ለተፎካካሪው ርካሽ የዘመቻ መሣሪያ ነው፤ በምርጫ ዋዜማ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ «የጥናት ውጤት» በቴሌግራም ሲደርሳችሁ ማን እንዳጠናው፣ ስንት ሰው እንደጠየቀና በየትኛው ክልል እንደሆነ ሳታዩ ሐሳባችሁን አትቀይሩ።

በተቃራኒው መዘናጋትም አለ። ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ ወደ ሁለተኛ ዙር በሚያልፉበት በ2002 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ 16 ዕጩዎች ቀረቡ። ሶሻሊስቱ ሊዮኔል ዦስፓን ሁለተኛ ዙር መድረሳቸው ያለቀለት ነገር ስለመሰለ፣ ብዙ የግራ መራጮች በመጀመሪያው ዙር ለትንንሾቹ የግራ ዕጩዎች ድምፅ ሰጡ። ዦስፓን 16.18 በመቶ አግኝተው በቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን በ16.86 ተቀደሙ፤ በሁለተኛው ዙር የግራ መራጭ አፍንጫውን ይዞ አንደኛ የወጡትን ቀኝ ዘመሙን ዣክ ሺራክን መረጠ።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ደግሞ አለ። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» ብሎ በተወካዮች ምክር ቤት ወረቀት ላይ ሁለት ዕጩዎች ላይ ምልክት ማድረግ ድምፁን ለሁለቱ አያካፍልም፤ ወረቀቱ ዋጋ አልባ ሆኖ ይመደባል። «ለ ካልሆነ ሐ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ አይቆጠርም።

የሚያሸንፍ ባይሆንም የሚያምንበትን የሚመርጥ ሰው ታዲያ ሞኝ ነው? አይደለም። ዛሬ 8 በመቶ ያገኘ ፓርቲ ነገ ድርድር ላይ ሲቀመጥ ያቺን 8 በመቶ ይዞ ነው። ከግማሽ በላይ በሚያሸንፍ ዕጩ ክልል ውስጥ ደግሞ ስልት የሚቀይረው ነገር ስለሌለ፣ የልብን መምረጥ ምንም አያስከፍልም።

ታዲያ ማን ነው ሊያስተካክለው የሚችለው?

ደንቡ እንዳለ ከቀጠለ፣ የተበተነውን ድምፅ መሰብሰብ የሚችሉት ፓርቲዎች ናቸው፤ ጊዜውም ዕጩ ከመመዝገቡ በፊት ነው። መራጩ ዳስ ውስጥ ሲገባ ሥራው በአብዛኛው አልቋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች የሚሰባሰቡባቸውን ሦስት መንገዶች ያውቃል። ውህደት ማለት የነበሩት ከስመው አንድ ፓርቲ መሆን ነው። ግንባርና ቅንጅት ላይ አባላቱ የየራሳቸውን ሕልውና ይዘው ይቆያሉ፤ ቅንጅት በተለይ ለምርጫ የሚታሰር ነው። ከእነዚህ ውጭ ምንም ዓይነት አዲስ ስም የማይፈልግ ስምምነትም አለ፦ «አንተ በምትወዳደርበት ክልል እኔ ዕጩ አላቀርብም፣ እኔ ባለሁበትም አንተ አታቀርብም»።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ንግግሩ የሚፈርሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ማሸነፍ የሚቻልባቸውን ክልሎች ማን ይውሰድ የሚለው ላይ። ሁሉም ጠንካራውን ይፈልጋል፤ ደካማውን ለሌላው «ይለቃል»። ከዚያ ጊዜ ያልቃል። ዕጩዎች ተመዝግበው የድምፅ መስጫ ወረቀት ከታተመ በኋላ አንዱ «ወጥቻለሁ፣ እሱን ምረጡ» ቢል ስሙና ምልክቱ ወረቀቱ ላይ አለ። ዜናውን ያልሰማ ደጋፊ ለእሱ ምልክት ያደርጋል፤ ያ ድምፅ ለማንም አይደርስም።

የተሰበሰበ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. አይታለች። መኢአድ፣ ኢዴአፓ መድህን፣ ኢዴሊና ቀስተ ደመና የተባሉ አራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ቅንጅት በሚል ስም፣ በሁለት ጣት ምልክት አንድ ሆነው ቀረቡ። በከተማው 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፉ። ደንቡ የተበተነውን እንደሚቀጣ ሁሉ የተሰበሰበውን አብዝቶ ይሸልማል፤ በየክልሉ በጥቂት የበለጠ ሁሉንም መቀመጫ ይወስዳል። በ2002 ዓ.ም. ተቃዋሚዎቹ መድረክ፣ ኢዴፓና መኢአድ ለየብቻ ቀርበው በሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ ከከተማዋ 22 መቀመጫ ሲወስድ፣ ለመድረክ አንድ ቀረችለት። ይህን በመከፋፈል ብቻ ማስረዳት ግን ስሕተት ነው፤ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ቅንጅት ፈርሷል፣ መሪዎቹ ታስረው ተፈተዋል፣ የፖለቲካው ምኅዳርም ጠቧል።

ደንቡ ቢቀየርስ?

አማራጮች አሉ፤ ከጣጣ የጸዳ ግን የለም። ሁለት ዙር ምርጫ ከግማሽ በታች ያገኘ እንዳያሸንፍ ያደርጋል፤ ፈረንሳይ ላይ እንደታየው ግን በመጀመሪያው ዙር ድምፅ መከፋፈሉ አይቀርም፣ ወጪውም እጥፍ ነው።

ዕጩዎችን በቅደም ተከተል መደርደር ሌላው ነው። መራጩ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይጽፋል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና ድምፆቹ ወደየሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፋሉ። በእኛ ባልደረቦች ምሳ በያይነቱ ይወጣል፤ ሁለቱ ድምፆች ሽሮ ላይ ይደመራሉ፣ 5 ለ 4። አውስትራሊያ ይህን የተቀበለችው በ1918 ነው። በዚያ ዓመት ስዋን በተባለ ክልል ማሟያ ምርጫ ተደርጎ ሁለት ወግ አጥባቂ ዕጩዎች ድምፅ ተካፍለው፣ የሌበር ዕጩ በ34 በመቶ ገደማ አሸንፎ ነበር። ድክመቱ ቆጠራው ረጅም መሆኑና ማንበብና መጻፍ ለማይችል መራጭ ከአንድ የጣት አሻራ ይልቅ መክበዱ ነው።

ተመጣጣኝ ውክልና ደግሞ መቀመጫን በድምፅ ድርሻ ያካፍላል፤ 20 በመቶ ድምፅ ያገኘ ወደ 20 በመቶ መቀመጫ ያገኛል። እዚያም ቢሆን ፓርላማ ለመግባት የሚጠየቀው ዝቅተኛ የድምፅ ገደብ ከፍ ካለ ድምፅ ይባክናል። ቱርክ በ2002 የ10 በመቶ ገደብ ይዛ ስትመርጥ፣ ከተሰጠው ድምፅ 45 በመቶ ያህሉ ገደቡን ላላለፉ ፓርቲዎች የተሰጠ ነበር። 34 በመቶ ያገኘው ፓርቲ ከ550 መቀመጫዎች 363ቱን ወሰደ።

እኛም አገር ጉዳዩ ተነሥቶ ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና የተወሰኑ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሲደራደሩ፣ ያሉት 547 መቀመጫዎች በአብላጫ ድምፅ እንደተያዙ ሆነው ተጨማሪ መቀመጫዎች በተመጣጣኝ ውክልና እንዲሞሉ፣ ቅይጥ ትይዩ በሚባል ሥርዓት ላይ ተስማምተው ነበር። ተግባራዊ አልሆነም። አብላጫ ድምፅ የሚለው ደንብ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተጻፈ በመሆኑ ለመለወጥ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ አንቀጽ 105 እንደሚለው ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው፣ ከክልል መንግሥታት ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ በድምፅ ብልጫ መቀበል አለባቸው።